ባሕር ማዶ ያለውን ሸሪክ በምን እንመነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በደሴ አራዳም ሆነ በኮምቦልቻ ገበያ ሰውን አምነን ዕቃ በዱቤ የምንሰጠው ሰፈሩን፣ ዘመዱንና ዋሱን ስለምናውቅ ነው። ጓንዡ ወይም ዱባይ ያለ ሰው እንዲህ ያለ ዋስ ሊያቀርብልን አይችልም። በዋሱ ቦታ የሚቆመው ገንዘቡ፣ ዕቃውና ሰነዱ እጅ የሚለዋወጡበት ተራ ነው፤ ማን ቀድሞ ምን ይሰጣል፣ ሲሰጥስ በእጁ ምን ይቀራል የሚለው። ከወሎ የደረሱንን ጥያቄዎች የመለስነው ይህን ይዘን ነው።

ጥያቄ፦ ከቃሉና ከባቲ አካባቢ ማሾ ሰብስቤ ወደ ውጭ እልካለሁ። ኢንዶኔዥያ ያለ አዲስ ገዢ በሲኤዲ (ገዢው ባንክ ሄዶ ከፍሎ የዕቃውን ሰነድ በሚወስድበት መንገድ) እንሥራ ብሎኛል። ነገር ግን «ጉምሩክ ቶሎ እንድጨርስ አንዱን ኦሪጅናል ቢል ኦፍ ሌዲንግ (የመርከብ ጭነት ሰነድ) በፖስታ በቀጥታ ላክልኝ» ይላል። ንግግሩ የጨዋ ነው። ልላክለት?
(ማሾ ላኪ፣ ኮምቦልቻ)

መልስ፦ አይላኩለት። ሰውየው ክፉ ነው ማለታችን አይደለም፤ የጠየቀው ነገር ግን የሲኤዲን ጥበቃ ከሥሩ ያፈርሰዋል። የመርከብ ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ 3 ኦሪጅናል ቢል ያወጣሉ። ከሦስቱ አንዱን ይዞ የቀረበ ሰው ዕቃውን ይረከባል፤ የቀሩት ሁለቱ ከዚያ በኋላ ተራ ወረቀት ናቸው። አንዱ እጁ ከገባ ባንክ ሄዶ ከፍሎ ሰነድ የሚወስድበት ምክንያት አይኖረውም። ሦስቱም በባንክዎ በኩል ይሂዱ። ቢሉ ላይ በተቀባዩ ቦታ የገዢውን ስም አያስጽፉ፤ «ቱ ኦርደር» (ላኪው ላዘዘለት ሰው) ይባልና ጀርባው ላይ እርስዎ ይፈርሙበት። የገዢው ስም ዕቃው ሲደርስ ማሳወቂያ የሚደርሰው ሰው በሚለው ቦታ ላይ ይግባ። ለጉምሩክ ዝግጅት ከሆነ ቅጂውን በኢሜይል ይላኩለት፣ ይበቃዋል።

ይህ ተስተካክሎም ሲኤዲ አንድ ቀዳዳ ይቀረዋል። ዕቃው ባሕር ላይ እያለ የማሾ ዋጋ ቢወርድ ገዢው ሰነዱን ሳያነሳ ዝም ሊል ይችላል። ኮንቴይነሩ ወደብ ላይ ይቆማል፣ ነፃ ቀኖቹ ያልቃሉ፣ ዲመሬጁ (የኮንቴይነሩ መዘግየት ክፍያ) በየቀኑ ይቆጥራል። ያን ጊዜ ይደውልና «20 በመቶ ቀንስልኝና ላንሳው» ይላል። በጥራጥሬ ንግድ ይህ የተለመደ ነው። መድኃኒቱ ቅድመ ክፍያ ነው፤ መጠኑ ግን በድርድር ስሜት አይቆረጥም። ዕቃውን ለመመለስ ወይም ለሌላ ገዢ ለማዞር የሚወጣውን የመርከብ ኪራይ፣ የወደብ ወጪና የዋጋ ቅናሽ ይደምሩ፤ ድምሩ ነው የሚጠይቁት ቅድመ ክፍያ። ያን ያህል የከፈለ ሰው ዕቃ ጥሎ አይሄድም። ካልተከፈልዎት ጉዳቱ ድርብ መሆኑንም አይርሱ፤ የላኩበት የውጭ ምንዛሪ ካልገባ ባንኩ የሚቀጥለውን የመላኪያ ፈቃድ ሊይዝብዎት ይችላል።

ቅድሚያ አልከፍልም ካለ ኤልሲ (የተባለው ሰነድ ሲቀርብ ባንክ ሊከፍል የሚገባው ዋስትና) ይክፈት። ኤልሲው ሲደርስዎ ታዲያ ገና ማሾ ሳይገዙ ቁጭ ብለው ያንብቡት። ዩሲፒ 600 በተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት ባንክ የሚመረምረው ሰነድ እንጂ ዕቃ አይደለም። ኤልሲው ሌላ ቀን ካልወሰነ ሰነዱ ዕቃው ከተጫነ በ21 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ባንኩ ለመመርመር 5 የሥራ ቀን አለው። አጥብቀን የምንፈራው «ገዢው ወይም ወኪሉ የፈረመበት የጥራት ምስክር ወረቀት ይቅረብ» የሚለውን ቃል ነው። ገዢው አልፈርምም ካለ ሰነድዎ ጎደሎ ይሆናል፣ ኤልሲውም በስም ብቻ ይቀራል። «ገለልተኛ መርማሪ ድርጅት የፈረመበት» ተብሎ ካልተቀየረ አይጫኑ። የኤልሲው ማብቂያ ቦታ፣ ማለትም ሰነዱ እስከ መጨረሻው ቀን መቅረብ ያለበት አገር፣ ኢትዮጵያ ይሁን፤ በገዢው አገር ከሆነ ፖስታው መንገድ ላይ የሚበላው ቀን ከእርስዎ ላይ ይቀነሳል። መጠኑም በቶን ይጻፍ። በክብደት ሲጻፍ፣ ከኤልሲው ገንዘብ እስካላለፈ ድረስ፣ 5 በመቶ መብለጥ ወይም መጉደል ይፈቀዳል፤ በጆንያ ቁጥር ከተወሰነ ግን ይህ መብት ይቀራል። ብዙ ላኪ በሁለት በሦስት ጆንያ ጉድለት ክፍያ የሚዘገይበት በዚህ ነው።

አሁን በገዢው ቦታ ሆነው ይዩት። እሱ የሚፈራው ነቀዝን ነው። የነቀዝ እንቁላል ፍሬው ላይ ይጣበቃል፣ ትሉ ፍሬው ውስጥ ገብቶ ይበላል፤ ኮምቦልቻ ላይ ንጹሕ የመሰለው ጆንያ ጃካርታ ሲከፈት ዱቄት ይወጣዋል። ፎስፊን በተባለው የነቀዝ ማጥፊያ ጋዝ ለ2 ቀን አጥኖ ሸራውን መግፈፍ የሚታየውን ነፍሳት እንጂ ውስጥ ያለውን አይጨርስም። ሸራው ዳር ዳሩ በአሸዋ ከረጢት ተይዞ ቢያንስ 5፣ ብርድ ከሆነ 7 ቀንና ከዚያ በላይ ይቆይ። እርጥበቱ ከ12 በመቶ አይለፍ። ሲጫን የሚወሰደው ናሙና በሦስት ከረጢት ይታሸግ፤ አንዱ ለገዢው፣ አንዱ ለእርስዎ፣ ሦስተኛው መርማሪው ዘንድ ይቀመጥ። ክርክር ከተነሳ የሚፈታው ያ ሦስተኛው ከረጢት ነው። የመጀመሪያው ጭነት አንድ ኮንቴይነር ብቻ ይሁን፤ ገንዘቡ ሒሳብዎ ሳይገባ ሁለተኛው አይጫን።

ጥያቄ፦ ከቻይና የዘይት መጭመቂያ አዝዘን 30 በመቶ ከፍለናል። ቀሪውን ልንከፍል ስንል «የድርጅታችን ሒሳብ ኦዲት ላይ ስለሆነ በዚህ በሆንግ ኮንግ ሒሳብ ክፈሉ» የሚል ኢሜይል መጣ። የምንጻጻፈው ከዚያችው ሽያጭ ሠራተኛ ጋር ነው። ምን እናድርግ?
(ሁለት ወንድማማቾች፣ ደሴ)

መልስ፦ ምንም አትክፈሉ። ዛሬውኑ ደውሉላት፤ ስልኩን ከአዲሱ ኢሜይል ሳይሆን ከመጀመሪያው ውል ላይ አውጡት፣ የሚቻል ከሆነ በቪዲዮ ፊቷን እያያችሁ ጠይቋት። ከዚያ የኢሜይል አድራሻውን ፊደል በፊደል አስተያዩት። ሌቦቹ «ኤም» የሚለውን የላቲን ፊደል አውጥተው በቦታው «አር» እና «ኤን»ን አጠጋግተው ይጽፋሉ፤ በስልክ መስኮት ላይ አንድ ፊደል ይመስላል። አድራሻው ትክክለኛ ቢሆን እንኳ አትዘናጉ፤ የሷ የመልእክት ሣጥን ራሱ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እዚህ ላይ በደንብ ይሠራል።

ሒሳቡ የሷ ድርጅት ነው ብትልም ጥያቄው አያልቅም። የተከፋዩ ስም ውሉን ከፈረመው ድርጅት ስም ጋር ቃል በቃል አንድ መሆን አለበት። የሆንግ ኮንግ ኩባንያ በሕግ ፊት ሌላ ሰው ነው፤ ለእሱ ከፍላችሁ ማሽኑ ባይመጣ ቻይና ያለው ፋብሪካ «እኔ አልተቀበልኩም» ይላችኋል። የባንኩን የስዊፍት ኮድም (ዓለም አቀፍ መለያውን) እዩ፦ አምስተኛውና ስድስተኛው ፊደል አገሩን ይናገራሉ። ለወደፊቱ ውላችሁ ላይ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ ይጻፍ፤ ሊቀየር የሚችለውም ማኅተም ባረፈበት ደብዳቤና በስልክ ማረጋገጫ ብቻ መሆኑ ይገለጽ።

አቅራቢውን ማጣራት ከመጀመሪያው መምጣት ነበረበት፣ አሁንም አልረፈደም። እያንዳንዱ የቻይና ድርጅት የንግድ ፈቃዱ ላይ 18 ቁጥርና ፊደል ያለው መለያ አለው፤ በመንግሥቱ የድርጅቶች መረጃ ገጽ ላይ ሲያስገቡት ሕጋዊ ወኪሉን፣ የተመሠረተበትን ዓመትና የሥራ ዘርፉን ያወጣል። ዘርፉ ንግድ ብቻ ከሆነና ምርት ከሌለበት ፋብሪካ ነኝ ያላችሁ ሰው አገናኝ ነው። አገናኝ መሆኑ ወንጀል አይደለም፣ ዋስትናውን ግን ማን እንደሚሰጥ ይቀይረዋል። ውሉ ላይ ደግሞ ከፊርማው ይልቅ የድርጅቱን ክብ ቀይ ማኅተም ፈልጉ፤ ቻይና ውስጥ ድርጅቱን የሚያስረው በዋናነት እሱ ነው።

ቀሪው 70 በመቶ የሚከፈለው ማሽኑ ፋብሪካው ውስጥ ጥሬ ዕቃ ተጨምሮበት ሲሠራ ገለልተኛ መርማሪ ካየው በኋላ ይሁን። ባዶውን ሲሽከረከር የተቀረጸ ቪዲዮ ምንም አይነግራችሁም፤ ቢያንስ 2 ሰዓት በጭነት ይሥራ፣ በሰዓት ስንት ኪሎ እንደጨመቀና ሞተሩ ምን ያህል እንደሞቀ ይጻፍ። ለደሴ አንድ ነገር ይጨመር። የኤሌክትሪክ ሞተር አቅም በመደበኛነት የሚለካው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩን በደንብ አያቀዘቅዘውም፣ ሙሉ ጭነት ላይ ውሎ ሲያድር ይቃጠላል። ከፍታውን ውሉ ላይ አስጽፉና ከፍ ያለ ሞተር ይግጠሙላችሁ። ካልጻፋችሁት ሞተሩ ሲቃጠል «አያያዛችሁ ነው» ይባላል፤ ሻጩም እውነቱን ይመስለዋል። ከዚያ 70 በመቶ ውስጥ የመጨረሻው 10 በመቶ ግን ማሽኑ ደሴ ላይ ተተክሎ ዘይት ካወጣ በኋላ የሚከፈል ቢሆን ጥሩ ነው። አብዛኛው ሻጭ ይህን ይቃወማል፤ ቢያንስ በዚያ ልክ የባንክ ዋስትና ይስጥ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ላይ በሊዝ ቦታ የሠራሁት ሼድና ትንሽ የልብስ ስፌት አለኝ። አንድ የቱርክ ባለሀብት 51 በመቶ እሱ፣ 49 በመቶ እኔ ሆነን ኩባንያ እናቋቁም ይላል። እሱ ማሽን ያመጣል፣ እኔ ሼዱን አስገባለሁ። ድርሻው አሳስቦኛል፤ 50 በ50 ልበለው?
(ባለ ልብስ ስፌት፣ ኮምቦልቻ)

መልስ፦ እኛን ያሳሰበን ሌላ ነው። 50 በ50 ፍትሐዊ ይመስላል፤ ሁለታችሁ የተጣላችሁ ዕለት ግን የሚወስን ሰው ይጠፋል፣ ደመወዝ እንኳ የሚፈርም አይገኝም። በ49 በመቶ በሰላም መኖር ይቻላል፣ በ49 በመቶ ባዶ እጅ መውጣትም ይቻላል። ልዩነቱን የሚያመጡት ከዚህ በታች ያሉት ናቸው።

መጀመሪያ ለምን እንደፈለገዎት ይወቁ። በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 የውጭ ባለሀብት ለአንድ ፕሮጀክት ብቻውን ቢመጣ 200,000፣ ከኢትዮጵያዊ ጋር ቢጣመር 150,000 የአሜሪካ ዶላር ዝቅተኛ ካፒታል ይጠየቃል። የ50,000 ዶላር ልዩነት ሰው ዕድሜ ልኩን ሸሪክ እንዲይዝ አያደርገውም። ስለዚህ የሚፈልገው ሼዱን ነው? ሠራተኛ ማሠልጠን ስለሚችሉ ነው? ወይስ ቢሮዎችን ስለሚያውቁለት? የመጨረሻው ከሆነ በሁለት ዓመት ውስጥ ራሱ ይለምደዋል፤ ያን ጊዜ እርስዎ በእሱ ዓይን ወጪ ይሆናሉ። በእጅዎ የሚቀር፣ እሱ በቀላሉ የማይተካው ነገር ይኑር።

ለዚህ ነው ሼዱን በድርሻ አያስገቡ የምንለው። ለኩባንያው ያከራዩት፤ ለምሳሌ ለ5 ዓመት፣ በየዓመቱ በሚታደስ ዋጋ። ድርሻዎን በጥሬ ገንዘብና ባሉዎት ማሽኖች ይክፈሉ፣ 49 በመቶው ወደ 30 ቢወርድ እንኳ። ሼዱ የኩባንያው ሀብት ከሆነ ኩባንያው የከሰረ ዕለት አበዳሪዎች ይወስዱታል። ኪራይ ከሆነ ሼዱ የእርስዎ እንደሆነ ይቀራል፣ በትርፍ ክፍፍል ቢጣሉም ወርሐዊ ገቢዎ አይቋረጥም። ከመፈራረምዎ በፊት የሊዝ ውልዎ ማከራየት የሚፈቅድ መሆኑን ከተማ አስተዳደሩ ዘንድ ያጣሩ።

ቀጥሎ የማሽኑ ዋጋ። ሽርክናዎች ብዙ ጊዜ ገና ሲጀመሩ የሚበላሹት እዚህ ነው። ያገለገለ ማሽን ተቀብቶ በአዲስ ዋጋ ይመዘገባል፤ 60,000 ዶላር የሚያወጣው 150,000 ከተባለ የእርስዎ ድርሻ ሥራ ሳይጀመር ቀልጧል። እያንዳንዱ ማሽን ላይ ያለውን ሰሌዳ ፎቶ ይጠይቁ፤ ሞዴሉ፣ ተከታታይ ቁጥሩና የተመረተበት ዓመት ይታይ። የመጀመሪያውን የግዢ ኢንቮይስና የቱርክ ጉምሩክ መውጫ ሰነዱን ያያይዝ። ግምቱን ሁለታችሁም የመረጣችሁት ገለልተኛ ገማች ይሥራው።

ከዚያ ስፌት የሚበላው ጨርቅ፣ ክርና ዚፕ ከማን ነው የሚገዛው? ሸሪክዎ ቱርክ ውስጥ ካለው የራሱ ድርጅት ከሆነ ትርፉን እዚያ ወስዶ እዚህ ኪሳራ ማሳየት አይከብደውም። የተሰፋውን ልብስ የሚገዛውም የራሱ ወኪል ከሆነ በሁለቱም ጫፍ ይይዝዎታል። ውሉ ላይ «ከሸሪክ ጋር ዝምድና ካለው ድርጅት የሚደረግ ግዢና ሽያጭ ሦስት የዋጋ ማቅረቢያ ይኑረው፣ ሌላው ሸሪክም በጽሑፍ ይስማማ» ይባል። ከ51 እና ከ49ኙ ክርክር ይልቅ ለዚች አንቀጽ ቢሟገቱ ይሻላል።

ያለ እርስዎ ፈቃድ የማይደረጉ ነገሮች ይዘርዘሩ፦ ካፒታል መጨመር፣ ብድር መውሰድ፣ ንብረት ማስያዝ፣ ሥራ አስኪያጅ መሾምና መሻር፣ ኦዲተር መቀየር። ካፒታል መጨመሩን አይርሱት፤ እርስዎ ሊያወጡ የማይችሉትን ገንዘብ አስጨምሮ 49ኙን 10 ማድረግ ቀላል ነው። ቼክ ላይ ሁለት ፊርማ፣ የባንክ ስቴትመንት በየወሩ ለእርስዎም።

መለያየቱም ገና በፍቅር እያላችሁ ይጻፍ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ። ጠበቆች የሚወዱት አንድ አንቀጽ አለ፤ አንዱ ዋጋ ይሰይማል፣ ሌላው በዚያ ዋጋ ወይ ይሸጥለታል ወይ ይገዛዋል። እኩል አቅም ላላቸው ደህና ነው። ሸሪክዎ ዶላር ያለው፣ እርስዎ ሼድ ያለዎት ከሆነ ግን ዝቅ ያለ ዋጋ ይጠራና መግዣ ስለማይኖርዎት ለመሸጥ ይገደዳሉ። በገማች ዋጋ፣ በ12 ወር ክፍያ የመግዛት መብት ይሻልዎታል።

ምርቱ የሚሸጥበትን ገበያም ይጠይቁት። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአጎዋ (አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው ከቀረጥ ነፃ ዕድል) ስትወጣ ስሌታቸው በአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ገበያ ላይ ብቻ የቆመ ልብስ ሰፊዎች ብዙ ተጎድተዋል። በአንድ ገበያ ቀረጥ ላይ የተንጠለጠለ ሽርክና ሸሪኩ ምንም ያህል ታማኝ ቢሆን ይፈርሳል።

ጥያቄ፦ አንድ የውጭ ዜጋ በእኔ ንግድ ፈቃድ እንዲሠራ በየወሩ ሊከፍለኝ ይፈልጋል። ምን ችግር አለው?
(ባለ ሱቅ፣ ደሴ)

መልስ፦ በሕግ ክልክል ነው፣ ሸክሙም ሁሉ በእርስዎ ላይ ነው። ሽያጩ የሚመዘገበው በእርስዎ የግብር ከፋይ ቁጥር ነው፤ ተጨማሪ እሴት ታክሱን ሳይከፍል ቢሄድ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት፣ ቅጣቱና ወለዱ ጭምር። እሱም ቢሆን ከእርስዎ ጋር ቢጣላ ፍርድ ቤት የሚያቀርበው ውል የለውም። ሁለታችሁም በፍርሃት የምትተሳሰሩበት ነገር ነውና ይቅርብዎ።

ጥያቄ፦ ውላችን በእንግሊዝኛ ብቻ ነው የተጻፈው፣ ክርክር ቢነሳም በእሱ አገር ፍርድ ቤት ይላል። ችግር አለው?
(ቆዳ ነጋዴ፣ ኮምቦልቻ)

መልስ፦ በአማርኛም ይጻፍ፤ ሁለቱ ቢለያዩ የትኛው እንደሚጸና አንድ መስመር ይጨመር። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን ሕግ ካስገደደ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1727 ሁለት ምስክር ስለሚፈልግ ባያስገድድም ሁለት ምስክር ያስፈርሙ። ፍርድ ቤቱን በተመለከተ፣ የውጭ አገር ፍርድ እዚህ፣ የእኛም ፍርድ እዚያ ማስፈጸም አስቸጋሪ ነው። የግልግል ዳኝነት ይሻላል፤ ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 የውጭ አገር የግልግል ውሳኔ የሚፈጸምበትን የኒውዮርክ ስምምነት ተቀብላለች፣ ቻይና፣ ቱርክ፣ ኢንዶኔዥያና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም አባል ናቸው። ይህም ሆኖ በ20,000 ወይም በ30,000 ዶላር ጭነት የተነሳ ክርክር ውጭ አገር ግልግል ከተወሰደ ወጪው ራሱን ገንዘቡን ይበላዋል። ለእንዲህ ያለው መጠን መከላከያዎ ክፍያው ከዕቃው ጋር ተራ በተራ እንዲሄድ ማድረግ ነው፤ የክርክሩ አንቀጽ ለትልልቁ ይቆይ።

ጥያቄ፦ አውሮፓ ያለ ደንበኛዬ «አካባቢያችሁ ይረጋጋል ወይ?» እያለ ይጠይቀኛል። እንዳይሸሽ ፈርቼ ሁሉም ደህና ነው እላለሁ። ምን ልበለው?
(የሽመና ውጤት ላኪ፣ ደሴ)

መልስ፦ እውነቱን፣ ከነመፍትሔው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስልክ ተቋርጦ፣ ባንክ ተዘግቶ እንደነበር ደንበኛዎ በዜና አይቷል፤ «ሁሉም ደህና ነው» ሲሉት የሚያምንዎት አይምሰልዎ፣ ስለ ዕቃው ጥራት የሚነግሩትንም መጠራጠር ይጀምራል። ይልቅ ይህን ይጻፉለት፦ ያለቀ ዕቃ ምን ያህሉ አዲስ አበባ መጋዘን እንደሚቀመጥ፣ መንገድ ቢዘጋ በየት በኩል እንደሚወጣ፣ ስልክና ኢንተርኔት ቢጠፋ ከደሴ ውጭ ማን እንደሚመልስለት።

ውሉንም ይዩት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1793 ጦርነትንና የመንግሥት ክልከላን ከአቅም በላይ በሆነ ኃይል ይቆጥራል፤ የመገናኛ መቋረጥና የባንክ መዘጋት ግን በስም ስላልተጠቀሱ እናንተ ጨምሩአቸው። ቁጥር 1794 ደግሞ የጥሬ ዕቃ ዋጋ መናርን ከአቅም በላይ አይለውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ክር በዶላር እየገዙ በብር ቋሚ ዋጋ የተዋዋሉ ሸማኔዎች የተጎዱት በዚህ ነው። የክር ዋጋ ከ10 በመቶ በላይ ከተለወጠ ዋጋው እንደገና ይታያል የሚል አንቀጽ ይግባ፣ ሲጨምርም ሲቀንስም።

መዘግየት ሲመጣ ደግሞ ቀኑ ሳይደርስ ይንገሩት። ጥቅምት 20 የሚጫነው እንደማይደርስ መስከረም 30 ካወቁ መስከረም 30 ይጻፉ፣ አዲሱን ቀን ጨምረው፤ አዲሱ ቀን ደግሞ በእርግጠኝነት የሚያደርሱት ይሁን። አንዴ የዘገየን አብዛኛው ገዢ ይታገሣል፤ ሁለተኛው ቀን ሲያልፍ ግን ሌላ አቅራቢ መፈለግ ይጀምራል።